ኮምቦልቻ ስታርፉ አውሮፕላኑ እንዴት ይቆማል? ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ደረጃ በደረጃ የምትከታተሉበት መመሪያ

ባለፈው ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ስበር አጠገቤ አንዲት የደሴ እናት ተቀምጠው ነበር። ሙስበሃቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው መጡ። መውረድ ስንጀምር ግን ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣ «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ሲበር መጥቶ ፍሬኑ እምቢ ቢለውስ?» አሉኝ።

«አብሽሩ እናቴ፣ የፍሬኑ ተራ ገና ነው። ከሱ በፊት የሚይዙት ሌሎች አሉ» አልኳቸው።

ሙያዬ የአውሮፕላን ጥገና ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አልቆጥረውም። ብዙ ሰው አውሮፕላን እንደ መኪና ፍሬን ተረግጦ የሚቆም ይመስለዋል። ለእኔ ግን ነገሩን መጀመሪያ ያስረዳኝ አስተማሪ አልነበረም፤ አይሱዙ ይነዳ የነበረው አጎቴ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስንወርድ፣ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ከባድ ማርሽ ይቀይር ነበር። «ፍሬን ላይ ተኝቶ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን የለውም» ይለኝ ነበር። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ይተዋል። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ ይይዛል፣ ፍሬን ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል።

አውሮፕላንም የሚቆመው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቅደም ተከተል አለው። ተራውን ካወቃችሁ እያንዳንዱን ድምፅና ንቅናቄ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ መለየት ትችላላችሁ። የመስኮት ወንበር ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ።

መጀመሪያ፦ ስንት ጉልበት ነው የሚቆመው?

በአገር ውስጥ በረራ የምታውቁት ባለሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ሲያርፍ የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት 28 ቶን ገደማ ነው። የሚያርፍበት ፍጥነት እንደ ጭነቱ ይለያያል፤ ለሒሳባችን 120 ኖት እንያዝ። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 120 ኖት ማለት በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። የአብራሪው የፍጥነት መለኪያ የሚያነበው አየሩ አውሮፕላኑን የሚመታበትን ግፊት ነው፤ መሬቱ ከስር በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ አይነግረውም። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ያንኑ ግፊት እንዲሰጥ አውሮፕላኑ የበለጠ መፍጠን አለበት። ስለዚህ መለኪያው 120 ሲል፣ ንፋስ ከሌለ፣ ጎማው መሬት የሚነካው በ131 ኖት ማለትም በሰዓት በ243 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ እንኳ አየሩ ለዚያ ከፍታ በመደበኛነት እንደሚታሰበው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰበት ቀትር ወደ 253 ይጠጋል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን የሚቆመው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያርፈው ያው አውሮፕላን ጋር ብታስተያዩት፣ ኮምቦልቻ ላይ 20 በመቶ፣ በሞቃት ቀን ደግሞ 30 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ጉልበት መጥፋት አለበት። ቦሌ ከኮምቦልቻም ስለሚበልጥ ነገሩ እዚያም ያው ነው።

ጉልበቱን በዓይናችሁ እንድታዩት ሌላ ሒሳብ ልጨምር። 28 ቶን በሰዓት 243 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 64 ሚሊዮን ጁል ያህል ይይዛል። 2.5 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ በ60 ሲነዳ ከሚይዘው 180 እጥፍ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ 200 ሊትር የሚይዝ ሙሉ በርሜል ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ማሞቅ የሚችል ሙቀት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ቆጥሬ ነው። ያ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት። የት ይሂድ? ሥራው ሁሉ ይኼ ነው።

ደረጃ 1፦ ገና ተራራው ላይ ሳላችሁ

ማቆም የሚጀምረው ማኮብኮቢያው ሳይታይ ነው። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ አፍንጫው ትንሽ ያዘነብላል። ከፍታ ራሱ የተጠራቀመ ጉልበት ነው፤ እሱም አብሮ መጥፋት አለበት። አውሮፕላን ደግሞ በአንድ ጊዜ መውረድም ፍጥነት መቀነስም ይከብደዋል። ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጅ ያነሳ መኪና እንደማይቆም ሁሉ እሱም ይንሸራተታል። ስለዚህ ጥሩ አብራሪ ቀደም ብሎ ነው የሚቀንሰው። ተራራ በከበበው እንደ ኮምቦልቻ ባለ ቦታ ይህ እቅድ ከመነሻው ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ፍላፕና ጎማ

ከክንፉ ጀርባ ያለው ጠርዝ ወደ ኋላና ወደ ታች ሲወጣ ታያላችሁ። ፍላፕ ይባላል። ሲወጣ ቀጭን የማሽን ድምፅ ይሰማል፣ አውሮፕላኑም ከስር እንደ ተደገፈ ትንሽ ይነሳል። ሥራው ሁለት ነው። ክንፉ በዝግታም ቢሆን አውሮፕላኑን እንዲሸከም ያደርጋል፤ አየሩንም ስለሚጋርድ ፍጥነት ይበላል። ፍላፕ ባይኖር ኖሮ ማኮብኮቢያው ላይ የምንደርሰው በጣም በበለጠ ፍጥነት ነበር።

ቀጥሎ ጎማው ይወርዳል። «ጓ» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የንፋስ ሹክሹክታ ይመጣል። ብዙ ተሳፋሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል። አትደንግጡ፤ እንዲያውም ደስ ይበላችሁ። ኪው 400 ክንፉ ከላይ ስለሆነና ዋናዎቹ ጎማዎች ከሞተሩ ቤት ስለሚወርዱ፣ ክንፉ አካባቢ ከተቀመጣችሁ ጎማውን ራሱን በመስኮት ታዩታላችሁ። ይህ በብዙ አውሮፕላን የማይገኝ ዕድል ነው። ዓይናችሁን ከጎማው አታንሱ።

ደረጃ 3፦ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች

አውሮፕላኑ አሁን በ3 ዲግሪ ይወርዳል። 100 ሜትር ወደፊት ሲሄድ 5 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። ፍጥነቱ፣ ፍላፑ፣ ጎማው፣ አቅጣጫው ሁሉ ተስተካክሎ መያዝ አለበት። የተለመደው የአየር መንገዶች ደንብ፣ ደመና ካለ ከመሬት 1,000 ጫማ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ 500 ጫማ ላይ ሁሉም ነገር ካልተስተካከለ ማረፉን ትቶ መነሳት ነው።

ስለዚህ ሊያርፍ ሲል ሞተሩ በድንገት ጮኾ እንደገና ወደ ላይ ቢወጣ፣ አብራሪው አልተሳሳተም። ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገው። በፍጥነት የመጣ ወይም ማኮብኮቢያውን ብዙ አልፎ የነካ አውሮፕላን ለመቆሚያ የሚሆነውን መሬት ከኋላው ጥሎታል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ፍሬን አይመልስለትም። ዞሮ መምጣት አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። እኔ እንዲህ የሚያደርግ አብራሪ ሲገጥመኝ አከብረዋለሁ።

ንፋስም እዚህ ይገባል። አውሮፕላን ንፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው የሚያርፈው። ከፊት የሚመጣ 10 ኖት ንፋስ፣ ቅድም ያልነውን 131 ኖት በመሬት ላይ ወደ 121 ያወርደዋል። የሚጠፋው ጉልበት ወዲያው 15 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ያለ አንዳች ልፋት፣ በነፃ!

ደረጃ 4፦ ጎማ መሬት ሲነካ

ጎማውን እያያችሁ ነው? መሬት ሲነካ ትንሽ ነጭ ጭስ ቡን ይላል። ፍሬን አይደለም። ቆሞ የነበረ ጎማ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ አስፋልት ሲነካ፣ መዞር እስኪጀምር ድረስ ይፈገፈጋል። የላስቲክ ጭስ ነው።

አወራረዱ ጠንከር ቢል አብራሪውን አትውቀሱት። ኪው 400 ርዝመቱ 33 ሜትር ይጠጋል። አፍንጫውን ብዙ ካነሳ ጭራው መሬት ይነካል። ስለዚህ እንደ ሌላው ለስለስ አድርጎ ለማሳረፍ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ዝናብ ባለበት ቀን ደግሞ ጠንከር ማለቱ ሆን ተብሎ ነው፤ ጎማው ውሃውን ሰብሮ አስፋልቱን እንዲይዝ። ለስላሳ ማረፍ ጭብጨባ ያመጣ ይሆናል፤ የተለሳለሰበት እያንዳንዱ ሰከንድ ግን 67 ሜትር ገደማ ማኮብኮቢያ ይበላል።

ደረጃ 5፦ ክንፉን ማሳረፍ

አሁን ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ደረጃ ላይ ደረስን። ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንን ነው።

ጎማው መሬት ነካ ማለት አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ክንፉ አሁንም እየሠራ ነው፤ አብዛኛውን ክብደት ተሸክሞታል። አሁን ፍሬን ቢረገጥ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ አይዝም።

አንድ ጆንያ ጤፍ መሬት ላይ ጎትታችሁ ታውቃላችሁ? ብቻችሁን ስትጎትቱት አልንቀሳቀስ ይላል። ሌላ ሰው መጥቶ ከላይ ትንሽ ከፍ ካደረገላችሁ ግን ተንሸራቶ ይሄዳል። ጆንያውን መሬት የሚያስይዘው ክብደቱ ነው። ክንፉ ያ ከላይ የሚያነሳው ሰው ነው። አውሮፕላኑ እንዲቆም መጀመሪያ ያ ሰው እጁን መልቀቅ አለበት።

ይህንን የሚያደርገው ስፖይለር የሚባለው ነው። ከክንፉ የላይኛው ገጽ ላይ እንደ ክዳን ብድግ የሚሉ ጠፍጣፋ ሳህኖች ናቸው። ጎማው መሬት እንደነካና አብራሪው የሞተሩን እጀታ እንዳወረደ ይከፈታሉ። ክንፉ ላይ የሚፈሰውን አየር ይበጥሱታል፤ ክንፉም መሸከሙን ይተዋል። የ28 ቶኑ ክብደት ወደ ጎማው ይወርዳል። ከነካ በኋላ አውሮፕላኑ «ዝርግፍ» ብሎ ሲቀመጥ የሚሰማችሁ ያ ነው። ኪው 400 ላይ ክንፉ ከራሳችሁ በላይ ስለሆነ ስፖይለሩ ከመስኮት አይታይም፤ በመቀመጫችሁ ነው የምታውቁት። እንደ ቦይንግ 737 ባለው ላይ ግን ከክንፉ ኋላ ከተቀመጣችሁ ሳህኖቹ በአንዴ ሲቆሙ ወለል ብሎ ይታያችኋል።

ይህ ደረጃ ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ ዓለም ዋርሶ ላይ አይቶታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1993 አንድ ኤርባስ ኤ320 በከባድ ዝናብና ከኋላ በሚገፋ ንፋስ አረፈ። የአውሮፕላኑ ሥርዓት ጎማዎቹን የያዙት ሁለቱም ዋና እግሮች ክብደት እስኪሸከሙ፣ ወይም ጎማዎቹ በበቂ ፍጥነት እስኪዞሩ ድረስ፣ «ገና አየር ላይ ነኝ» ብሎ የሚያስብ ነበር። አንዱ እግር ዘግይቶ ነካ፣ ጎማዎቹም ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። ስፖይለሩም፣ በሚቀጥለው ደረጃ የምናየው ሪቨርስም (የሞተሩን ግፊት ወደፊት የሚያዞረው) 9 ሰከንድ ያህል ዘገዩ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ከአፈር ግድብ ጋር ተጋጨ፣ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። አብራሪዎች በእርጥብ መሬት ላይ ጠንከር አድርገው እንዲያሳርፉ የሚመከሩት በእንዲህ ያለው ምክንያት ነው።

ደረጃ 6፦ ፕሮፔለሩ ሲገለበጥ

ከተቀመጠ በኋላ ወዲያው «ጉርርር» የሚል ወፍራም ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሰውነታችሁም ወደፊት ይገፋል። ይኼ የአጎቴ ከባድ ማርሽ ነው።

የኪው 400 እያንዳንዱ ፕሮፔለር ስድስት ቅጠል አለው። በአየር ላይ ቅጠሎቹ አየሩን እየቆረጡ ወደ ኋላ ይወረውሩታል። መሬት ላይ አብራሪው እጀታውን ወደ ኋላ ሲስበው ቅጠሎቹ በየሥራቸው ላይ ይዞሩና ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ፕሮፔለሩ እንዳለ እንደ ምጣድ አየሩን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ይህ ብቻውን ብዙ ይይዛል። የበለጠ ካስፈለገ ቅጠሎቹ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብሉና አየሩን ወደፊት ይገፋሉ። ልብ በሉ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ አልዞረም። አዟዟሩ ያው ነው፤ የቅጠሉ አንግል ነው የተቀየረው።

ጄት ላይ መንገዱ ሌላ ነው። የሞተሩ ሽፋን ከኋላ በኩል ይንሸራተትና ይከፈታል፣ በውስጡ ያሉ በሮች መንገዱን ይዘጋሉ፣ ከፊት ባለው ትልቅ ማራገቢያ የተገፋው አየር በጎን ወጥቶ ወደፊት ይተፋል። ሪቨርስ የሚባለው ይህ ነው። ፍጥነቱ ወደ 60 ኖት ሲወርድ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ከዚያ በታች ከመሬት የተነሳ ጠጠርና አቧራ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ይህ ለምን ቀድሞ ይደረጋል? የአየር መከላከል በፍጥነት ካሬ ነው የሚሄደው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ አየሩ የሚይዘው ሩቡን ብቻ ነው። ስለዚህ አየር ጉልበታም የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ያኔ ካልተጠቀምንበት ጊዜው አለፈ።

አንድ ጥብቅ ሕግም አለ። ሪቨርስ አንዴ ከተከፈተ እንደገና መነሳት የለም፤ መቆም ብቻ ነው። ሪቨርስ በአየር ላይ መከፈቱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1991 ታይላንድ ላይ የደረሰው የላውዳ ኤር ቦይንግ 767 አደጋ አሳይቷል፤ 223 ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ ወዲህ በሪቨርሱ ላይ ተጨማሪ መቆለፊያ ተደርጓል።

ደረጃ 7፦ በመጨረሻ ፍሬን

አሁን ክብደቱ ጎማው ላይ ነው። አየሩ የድርሻውን ወስዷል። ፍሬን ተራው ደረሰ።

ፔዳሎቹ አብራሪው እግር ስር ናቸው፤ የላይኛውን ጫፍ በእግር ጣት በኩል ይጫናቸዋል። ግራና ቀኝ ለየብቻ ናቸው፤ ስለዚህ በፍሬን መንዳትም ይቻላል። ጎማው ውስጥ ያለው ፍሬን እንደ መኪና አንድ ዲስክ አይደለም። ብዙ ዲስኮች እንደ እንጀራ ተደራርበዋል፤ አንዱ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ቀጣዩ ቆሞ ይቀራል፣ ሌላው ይዞራል። የሃይድሮሊክ ፒስተኖች ሁሉንም አንድ ላይ ይጨምቋቸዋል። በዘመናዊ አውሮፕላኖች ዲስኮቹ ከካርቦን ይሠራሉ፤ ካርቦን ከብረት ይቀላል፣ ሙቀትም ይችላል።

ጎማው ጨርሶ እንዳይቆለፍ ደግሞ አንቲስኪድ አለ። የእያንዳንዱን ጎማ አዟዟር እየተከታተለ፣ ሊቆለፍ ሲል ግፊቱን ለቅጽበት ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። ኤ ቢ ኤስ ያለው መኪና የነዳ ሰው ያውቀዋል። እንዲያውም መንገዱ የመጣው ከአውሮፕላን ነው፤ ማክሳሬት የተባለው የዳንሎፕ ኩባንያ አንቲስኪድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አውሮፕላን ላይ ይሠራ ነበር። ኤሌክትሮኒክሱ ኤ ቢ ኤስ በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ስንት ሜትር ይፈጃል? አውሮፕላኑ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ 9 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይቀንሳል እንበል። ይህ ደህና ያዝ የሚያደርግ ነው፤ የክብደታችሁን ሩብ ያህል ወደፊት ይገፋችኋል። በባሕር ዳርቻ ላይ ከ222 ተነስቶ 25 ሰከንድና 760 ሜትር ይፈጅበታል። ኮምቦልቻ ላይ ከ243 ተነስቶ 27 ሰከንድና 910 ሜትር። በሞቃት ቀትር ከ253 ተነስቶ 28 ሰከንድና 990 ሜትር። ሰዓታችሁን ይዛችሁ ቁጠሩ፤ ጎማው ከነካበት። እኔ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ።

ለጄቶች በአሜሪካም በአውሮፓም ያለው ሕግ፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በሚያርፍበት ማኮብኮቢያ 60 በመቶ ውስጥ መቆም እንደሚችል በሒሳብ እንዲረጋገጥ ያዛል። ማኮብኮቢያው እርጥብ ከሆነ የሚፈለገው ርዝመት በ15 በመቶ ይጨምራል። ለደረቅ ማኮብኮቢያ ይህ ሒሳብ ሲሠራ ሪቨርሱ አይቆጠርም። ሪቨርስ እንደ መጠባበቂያ የተያዘ ነው።

ክረምት ላይ ከሆነ

ሐምሌና ነሐሴ ወሎ ላይ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ማኮብኮቢያ ላይ ውሃ ከቆመ ጎማው በተወሰነ ፍጥነት ላይ አስፋልቱን ለቆ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ፍጥነቱን የሚወስነው የጎማው ግፊት ነው፤ የግፊቱን ስኩዌር ሩት በ9 ስታባዙ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ኖት ይወጣል። ግፊቱ ጎማ ሲነፋ በሚለካበት በፒ ኤስ አይ ይሁን። በ32 የተነፋ የመኪና ጎማ ወደ 51 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ላይ ይንሳፈፋል። በ200 የተነፋ የአውሮፕላን ጎማ እስከ 127 ኖት ድረስ ይችላል። ሐረጎን በዝናብ የሚወርድ ሰው ይህንን ቁጥር ልብ ይበል፤ ጎማው የተነፈሰ ከሆነ ከዚያም በታች ነው የሚንሳፈፈው።

ደረጃ 8፦ ከቆመ በኋላ

አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ወደ ተርሚናሉ ይዞራል። ሥራው ግን አላለቀም። ያ ሙቀት ፍሬኑ ውስጥ ተቀምጧል። ከቆመ በኋላም ወደ ጎማው እየተሸጋገረ ለደቂቃዎች ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ነው የአውሮፕላን ጎማ በተራ አየር ፋንታ በናይትሮጅን የሚነፋው፤ ናይትሮጅን እሳት አይረዳም። ቸርኬው ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚቀልጡ ትናንሽ መሰኪያዎች አሉ። ጎማው ከሚፈነዳ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። እኛ የጥገና ሰዎች በጋለ ፍሬን አጠገብ በጎን በኩል አንጠጋም፤ ከፊት ወይም ከኋላ ነው።

ስትወርዱ ጎማው ስር የሚያስገቡትን ሽብልቅ ታያላችሁ። እሱ ከገባ በኋላ የማቆሚያው ፍሬን ሊለቀቅ ይችላል፤ ዲስኮቹ ተለያይተው አየር እንዲያገኙና እንዲበርዱ።

እናታችን ያን ቀን ደረጃውን ሲወርዱ ቆም ብለው ጎማውን አዩት። «ይኼ ነው እንዴ? ትንሽ ነውኮ!» አሉ። ውጭ ወንድማቸው በሚኒባስ ይጠብቃቸው ነበር። እኔንም ጫኑኝ፣ ሐረጎን ወደ ደሴ ወጣን።